ስፔሰርና ትልቅ ጎማ፦ ከፍ ለተደረገ መኪና ምን ይጨምራሉ? ምን ያሳጣሉ?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚሠራ ሰው ጭቃ የሚያገኘው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። አካባቢው በልግ አብቃይ በመሆኑ መንገዱ በበልግም በክረምትም ይርሳል። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን ዋና መንገድ ትቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ መኪና ዋልካ ጭቃ፣ ያገጠጠ ድንጋይና ጎርፍ የቦረቦረው ጥርጊያ መንገድ ይጠብቀዋል። በዚህ የተነሳ የላንድ ክሩዘር፣ የፕራዶና የሃይሉክስ ባለቤቶች ሞላና ባሌስትራ እያስቀየሩ መኪናቸውን ከፍ ያስደርጋሉ፤ ትልልቅ ጎማም ያስገባሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ጎማ መሪ ሲጠመዘዝ ከውስጥ በኩል ይታሻል፤ መካኒኩም “ስፔሰር ይግባለት” ይላል።

ስፔሰር ማስገባት ብዙውን ጊዜ እንደ መልክ ማሳመሪያ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ለውጡ የሚደረገው ጎማውን ከመኪናው ጋር በሚያያይዘው ክፍል ላይ ነው። ስህተት ከተሠራ ውጤቱ ጎማ ወልቆ እስከመሄድ ይደርሳል። የቢሮ ሠራተኞችን ወይም ወላድ እናት ጭኖ በገደል አፋፍ ለሚያልፍ መኪና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ስፔሰር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ ይገባል።

ስፔሰር ምንድን ነው?

ስፔሰር በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ክብ ብረት ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ጎማውን በውፍረቱ ልክ ወደ ውጭ ያወጣዋል። በሁለት ዓይነት ይገኛል።

የመጀመሪያው የራሱ ብሎን የሌለው ስስ ዝርግ ብረት ሲሆን በነባሮቹ ብሎኖች ላይ ተሰክቶ ቸርኬው ከላዩ ይታሰራል። አደጋው ዳዶው የሚነክሰውን ጥርስ መቀነሱ ነው። በፕራዶና በሃይሉክስ ላይ የሚገኘው ብሎን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን ጥርሱ በ1.5 ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 8 ሙሉ ዙር ሊነክስ ይገባል። 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ብቻውን ከሦስት ዙር በላይ ይወስዳል።

ሁለተኛው ወፈር ያለውና የራሱ ብሎኖች ያሉት ነው። ስፔሰሩ በመጀመሪያ በነባሮቹ ብሎኖች ከሞዞው ጋር ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ በስፔሰሩ ብሎኖች ላይ ይታሰራል። ከፍ በተደረጉ መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ይህ ሲሆን ውፍረቱ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ ፕራዶ 265/65 አር 17 ጎማ አለው እንበል። የዚህ ጎማ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቱ በምትኩ 285/70 አር 17 ቢያስገባ ቁመቱ ወደ 831 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናውን ከመሬት የሚያነሳው ግማሹ፣ ማለትም 27 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

አዲሱ ጎማ በ20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ቸርኬው ካልተለወጠ 10ሩ ወደ ውስጥ፣ 10ሩ ወደ ውጭ ይሄዳል። ወደ ውስጥ የገባው 10 ሚሊ ሜትር ነው ከላይኛው የእግር ክንድ ጋር የሚያታሸው። 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ከቀድሞው ቦታው እንኳ በ15 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ የውጩ ጠርዝ ግን በ35 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። የውስጡ መታሸት ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው ሰፊ ክብ ስለሚሠራ ከፓራፋንጎውና ከጭቃ መከላከያው ጋር መጋጨት ሊጀምር ይችላል። ስፔሰር ችግሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ያዛውራል እንጂ ለትልቅ ጎማ ቦታ አይፈጥርም።

ቁመት የሚሰጠው ማን ነው?

ስፔሰር ለመኪናው ምንም ቁመት አይጨምርም። ሞላና ባሌስትራም ቢሆኑ የሚያነሱት ሻንሲውንና ቦዲውን ነው። እንደ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር የፊትም የኋላም አክሱ ወጥ በሆነ መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ ከአክሱ ጋር ስለሆነ፣ ሞላ ቢረዝምም ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። በፕራዶ የፊቱ ዲፈረንሻል ከሻንሲው ጋር አብሮ ይነሳል፤ የኋላው ግን እዚያው ይቀራል።

ስፔሰር በትክክል የሚያስፈልግበት አንድ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቪ ኤይት ናፍታ ሞተር የገባላቸው የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሮች የኋላ ጎማዎቻቸው እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከፊቶቹ በ95 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የኋላው ጎማ በጭቃና በአሸዋ ላይ የፊቱ የከፈተውን ዱካ በትክክል አይከተልም። ብዙ ባለቤቶች ከኋላ ብቻ ስፔሰር የሚያስገቡት ይህንን ለማስተካከል ነው።

ሚዛኑን ይመልሳል?

“መኪናዬን ከፍ ስላስደረግኩ እንዳይገለበጥ በስፔሰር አሰፋዋለሁ” የሚሉ አሉ። ሐሳቡ መሠረት ቢኖረውም መጠኑን ማየት ያስፈልጋል። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ 1,585 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ፣ የክብደቱ ማዕከል ደግሞ ለስሌት ያህል 750 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መኪና እንውሰድ። ርቀቱ ለከፍታው እጥፍ ሲካፈል 1.06 ይመጣል። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። በሞላና በጎማ የክብደቱ ማዕከል 70 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ቁጥሩ ወደ 0.97 ይወርዳል። በየጎማው 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባ ወደ 1.00 ይመለሳል። ከጠፋው መረጋጋት የተመለሰው ሲሶው ገደማ ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ጭነት ከተጨመረ ደግሞ እሱም ይጠፋል።

ኩሽኔታ፣ መሪና ፍሬን

ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር በሞዞው ኩሽኔታ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። በአንድ ጎማ ላይ 600 ኪሎ ግራም ቢያርፍ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ወደ 150 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ የማጉበጥ ኃይል ያመጣል። ጉድጓድ ሲመታ ከዚህም ይበልጣል። እዚህ ላይ ግን ስፔሰርን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ጎማውን በዚያው ልክ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬም በኩሽኔታው ላይ ተመሳሳይ ጫና ያሳድራል። መሪውም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ከበፊቱ የበለጠ እጅ ይመታል።

የጎማው መተለቅ የራሱ ዋጋ አለው። ባለ 831 ሚሊ ሜትሩ ጎማ ከፋብሪካው በ7 በመቶ ስለሚበልጥ፣ ስፒዶሜትሩ ትክክል ነበር ብንል 80 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 86 ገደማ ነው። ፍሬኑም መኪናውን ለማቆም በዚያው መጠን የበለጠ መሥራት አለበት። ከመካነ ሰላም ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው ዓይነት ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ በፍሬን ሙቀት ይገለጻል። ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ከወትሮው የበለጠ አስፈላጊ ይሆናል።

በከፍታው ላይ ደግሞ ሞተሩ ይደክማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። 3,000 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኙት የለጋምቦ ደጋማ ቦታዎች ነባሩ የላንድ ክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ከጉልበቱ ሲሶውን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ የግድ ይሆናል።

የሚሰበረው የት ላይ ነው?

ስፔሰር ሲከሽፍ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች አንዱ አለ።

አንደኛው የብረቱ ጥራት ነው። ጥሩ ስፔሰር ከጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ 6061 ወይም 7075 ከተባሉት ይሠራል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ግን በድንገት ይሰነጠቃል። ቶርኖ ቤት ካገኘው ብረት የቀረጸው ስፔሰርም መጠኑ ልክ ቢመስል እንኳ የብረቱ ዓይነትና የብሎኖቹ ጥንካሬ አይታወቅም።

ሁለተኛው የመሐል ቀዳዳው ነው። ስፔሰሩ በሞዞው አንገት ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በፕራዶና በሃይሉክስ 106.1 ሚሊ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ በተሠሩት ባለ አምስት ብሎን 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሮች 110 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ጎማው መሐሉን አያገኝም፤ ይርገበገባል፤ ብሎኖቹም ይደክማሉ።

ሦስተኛውና ዋናው የዳዶ መላላት ነው። በዚህ ስፔሰር ላይ ሁለት ረድፍ ዳዶ አለ። የውስጠኛው የሚታየው ጎማው ሲወልቅ ብቻ ነው። ጎሚስታ ውጩን አጥብቆ “ጨርሻለሁ” ቢል እውነቱን ነው፤ ውስጡ ግን ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ካስገቡ እንዴት?

የሞዞው ፊት ከዝገትና ከጭቃ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳ። ስፔሰሩ ያለ ክፍተት መቀመጡ ይታይ። የመኪናው ብሎኖች ከስፔሰሩ ውፍረት የሚረዝሙ ከሆነ ጫፋቸው ቸርኬውን ስለሚነካ፣ ቸርኬው በጀርባው ጎድጓዳ ቦታ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ። ዳዶዎቹ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እየተዘለሉ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ፤ ለፕራዶና ለሃይሉክስ ወደ 110 ኒውተን ሜትር ሲሆን ለሌሎች የመኪናው መመሪያ ይታይ። በቧንቧ በረዘመ ቁልፍ ላይ ቆሞ ማጥበቅ ብሎኑን ይስባል እንጂ አያጠነክረውም። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ጎማው ወልቆ የውስጠኛው ረድፍ እንደገና ይጥበቅ፤ ከዚያም በየሰርቪሱ ይደገም። መሪ ላይ አዲስ መንቀጥቀጥ ከተሰማ መኪናውን አቁሞ ማየት እንጂ እስከ ደሴ እንዲደርስ መመኘት አይገባም።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ስለሚደረግለት፣ ለውጡን ከማድረግ በፊት መርማሪውን ተቋምና የመድን ድርጅትን መጠየቅ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ሌላ መንገድ አለ?

አለ። የመጀመሪያው ልኩ ትክክል የሆነ ቸርኬ መግዛት ነው። ጎማውን በሚፈለገው መጠን ወደ ውጭ ያወጣል፤ የተደበቀ ሁለተኛ ረድፍ ዳዶም የለበትም። ዋጋው ግን ከስፔሰር ይበልጣል።

ሁለተኛው ብዙዎች የማያስቡት ነው፤ ጎማውን ማስረዘም እንጂ አለማስፋት። 255/75 አር 17 ጎማ ቁመቱ 814 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናውን በ19 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ ስፋቱ ግን ከፋብሪካው ጎማ ያንሳል፤ ስለሆነም በስፋቱ የተነሳ ከውስጥ አይታሽም። በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ 235/85 ተመሳሳይ አማራጭ ነው። ፓራፋንጎውን እንዳይነካ መለካት አይቀርም። ሰፊ ጎማ በለስላሳ አሸዋ ላይ ብልጫ አለው፤ ከሥሩ ድንጋይ ባለበት ስስ ጭቃ ላይ ግን ጠባቡ ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ይይዛል።

እንግዲህ ባለ 285ቱ ጎማ ከስፔሰር ጋር 27 ሚሊ ሜትር ሲሰጥ፣ ጠባቡ ጎማ ያለ ስፔሰር 19 ይሰጣል። ለቀሪው 8 ሚሊ ሜትር የሚከፈለው ሁለተኛ ረድፍ ዳዶ፣ የኩሽኔታ ጫናና የፓራፋንጎ መታሸት ነው። በደጋው መንገድ ላይ የሚሠራ ባለ መኪና ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ይህን ቢመዝን ገንዘቡንም፣ የጫናቸውንም ሰዎች ያተርፋል።