በጆሮ የሚገዛ መኪና

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ናፍጣ ስም ያወጣው በቤት መኪና ሳይሆን በጭነት መኪና ነው። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው 634 ኤን የተባለ ከባድ መኪና ከጣሊያን ወረራ ጋር አገር ውስጥ ገባ፤ ሕዝቡም ቁጥሩን አሳጥሮ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መኪናው ቀረ። እያረጀ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፣ እየተፈታ ተገጠመ፣ ጭነቱንም ተሸከመ። ያገለገለ ናፍጣ መኪና ገዝቶ ማደር እንግዲህ የትናንት ነገር አይደለም።

ሞተሩ ራሱም ያኔ ገና ወጣት ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ የሠራው ሞተር በሙከራ የተሳካለት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር አጠገቡም አይደርስ። ምስጢሩ እመቃው ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ሲያቀጣጥል፣ የዲዝል ሞተር አየሩን አምቆ አምቆ ያግለውና ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። የሞተሩ ሕመምም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ፋሻው ሲበላ፣ ሲሊንደሩ ሲሰፋ፣ ቫልቩ ሳይገጥም ሲቀር አየሩ ያመልጣል፤ ያመለጠ አየር አይግልም፤ ያልጋለ አየር ናፍጣ አያነድም። አዋቂ ገዢ ጠዋት በብርድ ሄዶ «እኔው ፊት ይነሳ» የሚለው ለዚህ ነው። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ፣ አሙቆ ከጠበቀው መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በእጁ ዳሰስ ያደርግና ለነገ ቀጠሮ ይይዛል።

ከትሬንታ ኳትሮ በኋላ ዘመኑ የኤንትሬ ሆነ። ፊያት ኤንትሬ የሚመደብበትን 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም የፊያትን የጭነት መኪናዎች አዲስ አበባ ላይ ገጣጠመ። በእነዚህ መኪናዎች ላይ የሚሰካ ኮምፒዩተር የለም፤ ሾፌርና ረዳት ሞተሩን በጆሮ ያውቁታል። አንዱ ኖዝል መርጨት ትቶ ሲያንጠባጥብ ምቱ ይለወጣል፣ ኩሽኔታ ሲላላ ከሥር ያንኳኳል። የዛሬው ገዢ ጋራዥ ውስጥ የሚያየው አብዛኛው ምርመራ ከነዚያ ሰዎች የተወረሰ ነው።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1974 ላንድክሩዘር ቢጄ 40ን በናፍጣ ሞተር ሲያወጣ ናፍጣ ከጭነት አልፎ ወደ መስክ ሥራ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ደግሞ ተርቦ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው፤ ፍጥነቱ አይነሳም፣ ጽናቱ ግን የታወቀ ነው። መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች መኪናውን ገጠር ለገጠር ሲነዱት ቆይተው በጨረታ ይሸጡታል። ከጨረታው ነጋዴው ያነሳዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ደላላው ደግሞ «አንድ እጅ የነዳው» ይለዋል።

መካኒኩ ግን ቀለሙን አያይም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይፈታና ሳያጠብቀው ገልብጦ ቀዳዳው ላይ ያስቀምጠዋል። ክዳኑ ረጋ ካለ መልካም። እየዘለለ ከወደቀ፣ ጭሱም ከሥሩ ቡልቅ ቡልቅ ካለ እመቃው ወደ ታች እያመለጠ ነው፤ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ቀጥሎ ዘይቱን መለኪያው ላይ ያያል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር ጥቁርነቱ ጥፋት አይደለም፤ ይልቅ ለገበያ ቀን ተቀይሮ የቀረበ ንጹሕ ዘይት ያጠራጥራል። የሚያንኳኳን ሞተር በወፍራም ዘይት ዝም ማሰኘት የቆየ ብልሃት ነውና።

በጭስ ላይ ግን ብዙ ሰው ይቸኩላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ሲያንስ፣ ፖምፓው ካልተስተካከለለት በቀር፣ ዳገት ላይ ጥቁር ማጨሱ የሚጠበቅ ነው፤ የአየር ማጣሪያ በመቀየር ወይም ፖምፓና ኖዝል በማስተካከል የሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰማያዊ ጭስ የሚያሳየው ሞተሩ ዘይት መብላቱን ነው። ነጩ ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ብዙም አያሳስብ፤ ሞቆም ካልጠፋ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል።

የውሃው ነገር በተለይ የቶዮታው ዋን ኬ ዜድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ብቅ ያለው ይህ ባለ 3 ሊትር ተርቦ ሞተር በፕራዶና በሰርፍ ላይ ጉልበቱ ተወዶለታል፤ ነገር ግን የአሉሚኒየም ቴስታታው ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ተጭኖ የዓባይን በረሃ ዳገት የሚወጣ መኪና ደግሞ ሙቀት አያጣም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማስነሳትና ውሃውን ማየት ነው፤ አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ ቴስታታው ወይም ጋርኒሲዮኑ አልቆለታል። በዚያው ዘመን የታክሲውን ሥራ የያዙት የሃይኤስ ናፍጣ ሞተሮች ሌላ ጣጣ ነበራቸው፦ የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ይበጠስና ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ኪሎ ሜትሩ ተቀንሶ የተሸጠለት ሰው የቺንጋውን ጊዜ በምን ይወቅ? የተበላ የፔዳል ጎማና የሳሳ መሪ ከቆጣሪው ይልቅ እውነት ይናገራሉ።

ጆሮ ብቻውን የማይበቃበት ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አልፋ ሮሜዮ 156 ኮመን ሬይል የተባለውን አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ በቤት መኪና ላይ ይዞ ወጣ፤ ናፍጣው በ1,350 ባር ግፊት ይረጫል፣ መርጫውን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2000 ዋን ኬ ዲን ይዞ ተከተለ፤ ሰዉ «ዲ ፎር ዲ» የሚለው ነው። ጸጥ ያለ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ግን ቆሻሻ ናፍጣ የማይችል ሞተር ሆነ። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስትላላ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ጥቀርሻ ይሠራል፣ ጥቀርሻው ከታች የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ደህና የሚመስል ሞተር በዘይት እጦት ይነክሳል። ይህን ሞተር በኮምፒዩተር ሳያስነብቡ፣ የኢንጀክተሮቹን ሁኔታ ሳያዩ መግዛት ድፍረት ነው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ናፍጣ መኪና እያረጀም እየተሸጠም ይቀጥላል። ገዢ ስለ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የሞተሩን ዓይነት ይጠይቅ፤ ለዋን ኤች ዜድ የሚበቃው ምርመራ ለዋን ኬ ዲ አይበቃም። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ያመሳክር፤ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወቅ። ቀብድ የሚከፈለውም ገዢው ራሱ የመረጠው መካኒክ ካየው በኋላ ይሁን እንጂ ሻጩ ባመጣው መካኒክ ቃል አይሁን።