ሱስን በሱስ? የሞርፊን ፈውስ ፍለጋ ታሪክ

ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሱሰኛ እሆናለሁ ብሎ አያስብም። ታመመ፤ ማዘዣ ተጻፈለት፤ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በሰዓቱ ወሰደ። ሲሻለው ልተወው ቢል ግን ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። ያዛጋዋል፣ ያልበዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍም ይነሳዋል። መልሶ ሲውጠው ሁሉም ጸጥ ይላል። ሕክምና ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከመቶ ዓመት በላይ ደክሟል፤ ብዙ ጊዜም ቋጠሮውን ይበልጥ ያጠበቀው ፈቺው ራሱ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፍሬድሪክ ሰርቱርነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከኦፒየም ውስጥ ሕመም የሚያስታግሰውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፊየስ ስም ሞርፊን ተባለ። በ1850ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በመርፌ ከቆዳ ሥር መወጋት ሲጀመር፣ ሱስ የሚያስይዘው የሚዋጠው እንጂ የሚወጋው አይደለም ብለው ያመኑ ሐኪሞች ነበሩ። ተሳስተዋል።

ስህተቱ ሲታወቅ ለሞርፊን ሌላ መድኃኒት ይፈለግለት ጀመር። በቪየና የነበረው ወጣቱ ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1884 ኮኬይን ለዚህ ይበጃል ብሎ ጻፈ። ወዳጁ ኤርንስት ፎን ፍላይሽል-ማርክሶቭ አስከሬን ሲመረምር በደረሰበት ቁስል የተነሳ አውራ ጣቱ ተቆርጦ፣ ከሥቃዩ የተነሳም የሞርፊን ሱሰኛ ሆኖ ነበር። ፍሮይድ ኮኬይን ሰጠው። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ ሰውየው የሁለቱም ሱሰኛ ሆኖ በ1891 በ45 ዓመቱ ሞተ። በ1898 ደግሞ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለሳል የሚሆን አዲስ መድኃኒት ገበያ ላይ አዋለ። እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም ተባለለት፤ ከሞርፊን ሱስ ለማላቀቅም የሞከሩት ሐኪሞች ነበሩ። ስሙ ሄሮይን ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት በ1935 በኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን አጠገብ፣ ለሱሰኞች ግዙፍ ሆስፒታል ከፈተ። እስረኛውም፣ በፈቃዱ የመጣውም አንድ ላይ ይታከም ነበር። መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ሰውነቱን ያጸዱለታል፤ ከዚያ በእርሻና በከብት ርባታ ይሠራል። ታዋቂው ሳክስፎን ተጫዋች ሰኒ ሮሊንስ በ1955 በፈቃዱ ገብቶ ከሱሱ ተላቋል። ዳሩ ግን አብዛኞቹ ከወጡ በኋላ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ሰውነት መጽዳቱና ሰው መዳኑ ሁለት ነገር መሆናቸውን ያስተማረ ቤት ነበር።

እዚያው ሌክሲንግተን የሠራችው የአእምሮ ሐኪም ማሪ ናይስዋንደር ይህን አልረሳችም። በ1964 ከዶክተር ቪንሰንት ዶል ጋር በኒውዮርክ ሌላ መንገድ ሞከረች። ለሱሰኞች ሞርፊን ሲሰጧቸው ተኝተው የሚቀጥለውን መርፌ ይጠብቁ ነበር። በሜታዶን ሲተኩላቸው ግን ነቁ፤ ትምህርትና ሥራ ማሰብ ጀመሩ። ሜታዶን በአፍ የሚወሰድ፣ አንዴ ከተወሰደ ቀኑን ሙሉ የሚያገለግል በመሆኑ፣ በደስታና በሥቃይ መካከል መዋዠቁን አስቀረው። ሁለቱ ሐኪሞች የ22 ሕሙማንን ውጤት በ1965 አሳተሙ። «ሱስን በሱስ ለወጡ እንጂ ምን አዳኑ!» የሚል ወቀሳ ተነሳባቸው፤ ዛሬም አልበረደም። በ2002 ቡፕረኖርፊን በአሜሪካ ለዚሁ ሕክምና ተፈቀደ፤ በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ።

የድሮው ስህተት ግን በር ቀይሮ ተመልሶ ነበር። በ1980 አንድ የሕክምና መጽሔት ያወጣው የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ፣ ሆስፒታል ተኝተው የዚህ ዓይነት ማስታገሻ ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን ሱስ የያዛቸው አራት ብቻ ናቸው ይል ነበር። ቤታቸው ሆነው ለወራት ስለሚውጡ ሰዎች ያለው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ለእነሱም ማስረጃ ተደርጎ ተጠቀሰ። በ1996 ፐርዱ ፋርማ ኦክሲኮንቲንን ለሽያጭ ሲያቀርብ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው እየተባለ ተነገረለት። በ2007 የኩባንያው ተባባሪ ድርጅትና ሦስት ኃላፊዎች ሕዝቡን በሚያሳስት መንገድ መድኃኒቱን በማቅረብ ጥፋተኛ መሆናቸውን በፍርድ ቤት አመኑ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤት ፈርሷል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤተሰብ የሚተርፍ አንድ ትምህርት አለ። ሰውነት ከመድኃኒቱ ሲጸዳ የቀድሞውን መጠን የመቋቋም ኃይሉን ያጣል። ከሳምንታት በኋላ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ የድሮውን ያህል የወሰደ ሰው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒንን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ቆይቶ በአንዴ ማቆም የሚጥል በሽታ ሊያስነሳና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዘመድን ክፍል ቆልፎ «ቻለው!» ማለት ሕክምና አይደለም። መጠኑን የሚቀንስ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላም ወራትን፣ ምናልባትም ዓመታትን የሚጠይቅ ክትትል። ሌክሲንግተን በሩን ከፍቶ የሸኛቸው ሰዎች ያጡት ይህን ነበር።