የሸክላ ሠሪው የኒቆስቴኔስ ፊርማ

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ፊርማ ሳናይ አናልፍም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ ኒቆስቴኔስ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነበረ፤ «ኒቆስቴኔስ ሠራኝ» የሚል የተጻፈባቸው ከ100 በላይ ዕቃዎች ዛሬም አሉ። ሰውየው መቼም ነጋዴ ነው፤ በኢጣልያ የነበሩት ኤትሩስካውያን የለመዱትን ጆሮ ሰፊ እንስራ ቅርጹን ወስዶ፥ ሥዕል አሠርቶበት በባሕር ይልክላቸዋል። እነሱም ከሙታናቸው ጋር ቀበሩት፤ በቼርቬቴሪ መቃብሮች ተጠብቆ የተገኘውም ስለዚህ ነው።

ከእንስራዎቹ አብዛኞቹን የሣለው ሠራተኛ ግን ስሙን አልጻፈም፤ ሊቃውንቱ ቢቸግራቸው የአሠሪውን ስም መነሻ በፈረንጅ ፊደል ወስደው «ሠዓሊ ኤን» አሉት። እኛስ ስንቱን ደብዳቤ አርቅቀን አለቃ ፈረመበት! ለዚያው ቤት የሠራው ኤፒክቴቶስ የተባለ ሠዓሊ ግን የራሱንም ስም ጽፎአል።