የጆርጅ ዳውሰን ዜና መዋዕል

ዊሊያም ማኪንሊ በአሜሪካ ሥልጣን በያዘ በ1ኛው ዓመት፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898፣ በቴክሳስ ግዛት በማርሻል ከተማ ጆርጅ ዳውሰን ተወለደ። እርሱም የባሪያ የልጅ ልጅ ነበረ። ከመወለዱ 2 ዓመት አስቀድሞ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቁሩን ከነጩ መለየት ሕግ አይጥስም ብሎ ፈርዶ ነበር። ለአባቱ ቤት በኩር ነበርና ታናናሾቹን ለማሳደግ ገና በልጅነቱ ለሥራ ተሰለፈ፤ ትምህርት ቤትም አልገባም።

ቴዎዶር ሩዝቬልት በገዛ በ7ኛው ዓመት፣ ጆርጅ 10 ዓመት ሲሆነው፣ ጓደኛው በሐሰት ተወንጅሎ ያለ ፍርድ ሲሰቀል በዐይኑ አየ። ይህንንም ኋላ ራሱ ተረከው።

ከዚያም በኋላ እንጀራ ፍለጋ ብዙ አገር ዞረ። በእንጨት መሰንጠቂያ ሠራ፤ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ በሚሲሲፒ ዳር ጎርፍ የሚገታ አፈር ቆለለ፤ ያልተገራ ፈረስም ገራ። በመጨረሻም ዳላስ ገብቶ በወተት ፋብሪካ እስኪሸመግል አገለገለ። መፈረም ባስፈለገ ጊዜ ስሙን መጻፍ አይችልምና የኤክስ ምልክት ያደርግ ነበር። 7 ልጆች ወልዶ ሁሉንም አስተማረ።

በ1944 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቴክሳስ ጥቁሮችን ያገለለውን ቅድመ ምርጫ ሻረ። በ1954ም በመንግሥት ትምህርት ቤት ጥቁርን ከነጭ መለየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ያን ጊዜ ጆርጅ 56 ዓመቱ ነበር፤ ፍርዱ በጋዜጣ ሲወጣ ጋዜጣውን ማንበብ አይችልም ነበር።

ቢል ክሊንተን በገዛ በ4ኛው ዓመት፣ በ1996፣ አንድ ሰው ደጁን መትቶ በሰፈሩ ለጎልማሶች ፊደል እንደሚያስተምሩ ነገረው። አረጋዊውም በ98 ዓመቱ ኮቱን ለብሶ ሄደ። 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት በ2 ቀን ውስጥ ለየ፤ ውሎ አድሮም አነበበ፤ ስሙንም በእጁ ጻፈ። በ2000 ሪቻርድ ግላውብማን ከሚባል መምህር ጋር የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። በ2001 በጁላይ ወር በ103 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በቴክሳስ በሳውዝሌክ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት በስሙ ተጠራ።

በዕድሜው 19 ፕሬዚዳንቶች ተፈራርቀው ገዙ። አገሪቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የነበረባትን የፊደል ዕዳ የከፈለችው በ18ኛው ፕሬዚዳንት ዘመን ነው።