ክዳኑን ከፍቶ የሚጠብቅ ሳህን
የፔትሪ ሳህን፣ የበግ ደም ከተቀላቀለበት አጋር (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል) ጋር

ሳህኑ ጀርመናዊው ዩሊዩስ ሪቻርድ ፔትሪ በ1887 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። በሐድያዋ ንግሥት እሌኒ ስም እንደተሰየመው የሆሳዕና ሆስፒታል ባሉ፣ ታካሚ፣ አስታማሚና ጠያቂ በሚገናኙባቸው ቤቶች፣ አየሩን ለመመርመር ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ ይህ ሳህንም ያገለግላል። ሳህኑ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳው 1 ሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ቢበዛ ለ1 ሰዓት ይነሳል። ከአቧራና ከሳል ጠብታ ጋር የወረዱት ባክቴሪያዎች በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቆዩ በዓይን የሚታዩ ነጠብጣቦች ይሆናሉ፤ ባለሙያው ይቆጥራቸዋል። ርካሽ ነው፤ ግን ያዳላል። ከባዱን ይይዛል፣ አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቀረው ደቃቅ ያመልጠዋል። ሁሉም የሚፈራው የሳንባ ነቀርሳ ተህዋሲም በ2 ቀን ብቅ አይልም፤ ሳምንታት ይፈልጋል።