ቻር ስዩ፦ ከሱቅ ምድጃ ወደ ቤት ማእድ

በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ አውራጃ፣ ይልቁንም በዋና ከተማው በካንቶን፣ እንግዳ በድንገት የመጣባት እመቤት ልጇን ወደ ጥብስ ሻጭ ሱቅ ልካ፣ በመስኮቱ ላይ በብረት ሜንጦ ተንጠልጥሎ ከሚያብረቀርቀው ቀይ የአሳማ ሥጋ ጥቂት አስመጥታ በሩዝ ላይ ማቅረቧ የኖረ ልማድ ነው። ሻጩም ሥጋውን በወፍራም ግንድ ላይ አጋድሞ፣ በሰፊ ቢላዋ ፈጠን ፈጠን እያደረገ ቆራርጦ ይሰጣታል። ቻር ስዩ የተባለው ይህ ጥብስ በጥንተ ነገሩ የሱቅ ባለሙያ ሥራ እንጂ የቤት እመቤት ሥራ አልነበረም፤ ዛሬ በብዙ ሀገር በቤት መሠራቱ የታሪክ ምክንያት አለው።

እሪያ በእኛ ዘንድ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ርኵስ ሆኖ ቢኖርም፣ በቻይናውያን ዘንድ ግን ከጥንት ጀምሮ የመሥዋዕትና የግብዣ ክብር የተሰጠው እንስሳ ነው። የጥንት ነገሥታትን ሥርዓት የሚተርከው ሊ ጂ የተባለው መጽሐፍ ከስምንቱ ምርጥ መባልዕት አንዱ አድርጎ የአሳማ ግልገል ጥብስን ይቈጥራል፤ በ6ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻና ስለ ቤት አያያዝ የጻፈው ሊቅ ጂያ ሲሼም ግልገሉ ከፍም ራቅ ብሎ ሳያቋርጥ እየተገላበጠ እንዲጠበስ፣ ደስ የሚል መልክ እንዲያወጣም የጠራ የእህል መጠጥ ደጋግሞ እንዲቀባ ያዝዛል። ጥብስን በእሳት ላይ ሳለ እየቀቡ መልክ የማስያዝ ጥበብ እንግዲህ እጅግ የቆየ ነው።

የካንቶን ባለሙያዎች ይህን ጥበብ ወደ ፍጹምነት አደረሱት። ስብ ያልተለየውን የትከሻ ወይም የአንገት ሥጋ በረጅሙ ይቆርጡና፣ ከአኩሪ አተር ተብላልቶ በሚወጣው ጥቁር ጨዋማ መረቅ፣ በስኳር፣ በእህል አረቄ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ በገቡበት ቅመም፣ በሻጋታ ከቀላ ሩዝ ጋር ተብላልቶ ደም በመሰለ የአኩሪ አተር አይብ ያሹታል፤ ሲያድርም በቁመተ ረጅም ምድጃ ውስጥ በሜንጦ ሰቅለው ይጠብሱታል፤ በመጨረሻም ከብቅል የሚወጣውን ወፍራም ጣፋጭ ቀብተው ጠርዙ ጠቆር እስኪል ወደ እሳቱ ይመልሱታል። የተራው ሰው ማድ ቤት ግን ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ በብርቱ ነበልባል ላይ የሚጣድበት እንጂ ዝግ ምድጃ ያለበት አልነበረም፤ ስለዚህ ጥብሱ ሁልጊዜ ከሱቅ ይገዛ ነበር።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 የናንኪንግ ውል ሆንግ ኮንግን ለእንግሊዝ ካስረከበ በኋላ፣ ጦርነትና የመሬት ጥበት ያስጨነቀው የጓንግዶንግ ሕዝብ በ1848 ወርቅ ወደ ተገኘባት ወደ ካሊፎርኒያ፣ ከ1849 ጀምሮም ለጉልበት ሥራ ወደ ፔሩ ባሕር ተሻገረ፤ በ1869 የተፈጸመውን የአሜሪካ የባቡር ሐዲድ ምዕራባዊ ክፍል በመሥራትም ብዙ ሺህ ቻይናውያን ደከሙ፣ ብዙዎችም በዚያው ሞቱ። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ከለከለ፤ እስከ 1943ም ጸንቶ ኖረ። ስደተኞቹ በተሰበሰቡባቸው ሰፈሮች የጥብስ ሱቆች ቢከፈቱም፣ ከእነዚያ ሰፈሮች ርቆ የሰፈረው ቤተሰብ ግን ሱቁን አጣ፤ በአንጻሩ በሀገሩ ያልነበረውን የዳቦና የሥጋ መጋገሪያ ምድጃ በቤቱ አገኘ። በዚህም ምክንያት ሥጋውን ከምድጃው የላይኛው ፍርግርግ በትንንሽ ሜንጦ እየሰቀለ፣ የሚንጠባጠበው ስብ እንዳይጨስ ከሥር ውሃ ያለበት ትሪ እያኖረ፣ ብቅሉን በማር እየተካ፣ የሱቁን ጥበብ በቤቱ መሥራት ለመደ።

በጃፓን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ዮኮሃማ በ1859 ወደቧን ለውጭ ንግድ ከከፈተች በኋላ የካንቶን ሰዎች ገቡባት፤ በ1910 በቶክዮ የተከፈተው ራይራይኬን የተባለው ምግብ ቤትም ከዮኮሃማ ያመጣቸውን ቻይናውያን ወጥ ሠሪዎች አሠማራ። ጃፓናውያን ግን ስሙን ቻሹ ብለው ወርሰው፣ ሥጋውን በሲባጎ ጠቅልለው በመረቅ ማብሰልን መረጡ፤ ይህም ዝግ ምድጃ ለሌለው ቤት የሚመች ነው።

ስለዚህ የዚህን ምግብ ታሪክ የሚመረምር ሰው የካንቶንን ባለሙያዎች ብቻ አመስግኖ ማለፍ አይገባውም፤ በባዕድ ሀገር የጎደላቸውን በተገኘው እየተኩ የሱቁን ሙያ የቤት ሙያ ያደረጉት ስማቸው ያልተጻፈ ስደተኞች ከእነዚያ ያላነሰ ክብር ይገባቸዋል።