ባለቤትን መጠየቅ፣ ተሳቢን መጠየቅ፦ የእንግሊዝኛ መጠይቃዊ ተውላጠ ስሞችን በመካከለኛ ደረጃ ስለ ማስተማር

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል መጠይቃዊ ተውላጠ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡት እንደ ቃላት ዝርዝር ነው። «ሁ» ማን፣ «ዋት» ምን፣ «ሁዝ» የማን፣ «ዊች» የትኛው ተብሎ በሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ከዚያ ባዶ ቦታ የመሙላት መልመጃ ይከተላል። ይህ አቀራረብ ቀላሉን የትምህርቱን ክፍል ያስተምራል፣ ከባዱን ግን ሳይነካው ያልፋል። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ የሚቸገረው በቃላቱ ፍቺ አይደለም። የሚቸገረው ጥያቄው ባለቤቱን ይሁን ተሳቢውን የሚጠይቀው እንግሊዝኛ በምን እንደሚለይ ማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ሊደራጅ የሚገባው በዚህ ልዩነት ዙሪያ ነው እላለሁ። ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲደርስ አብዛኞቹን ትምህርቶች የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታሪክና የባዮሎጂ ጥያቄ ሳይገባው ከቀረ የሚያውቀውን መልስ እንኳ መጻፍ አይችልም።

«አልማዝን ማን ረዳት?» እና «አልማዝ ማንን ረዳች?» የሚሉትን ጥያቄዎች ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ አያምታታቸውም። በመጀመሪያው የሚፈለገው ረጂው ነው፤ በሁለተኛው ተረጂው። አማርኛ ይህን ልዩነት ለአንድ ምልክት ብቻ አልተወውም። ተሳቢው ላይ «-ን» ይጨመራል፤ ግሱ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ «ረዳት» የሚለው ግስ ተረጂዋ ሴት መሆኗን በራሱ ይናገራል። መጠይቁ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ መልሱ በሚገባበት ቦታ፣ ከግሱ በፊት ይቀመጣል። እንግሊዝኛ በእነዚሁ ጥያቄዎች ላይ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አይሰጥም። «ሁ ሄልፕድ አልማዝ?» ሲባል የሚጠየቀው ረጂው ነው፤ «ሁ ዲድ አልማዝ ሄልፕ?» ሲባል ተረጂው። «ሁ» በሁለቱም ያው ነው፣ በሁለቱም ከፊት ይቆማል፤ የአልማዝም ስም ምንም አልተጨመረበትም። ልዩነቱን የተሸከሙት የቃላቱ ቅደም ተከተልና «ዲድ» የተባለው ረዳት ግስ ናቸው፤ አማርኛ ደግሞ ለጥያቄ ሲባል ብቻ የሚገባ እንዲህ ያለ ረዳት ግስ የለውም። «ሁ ማለት ማን» ብሎ ያጠና ተማሪ ሁለቱን ጥያቄዎች ሲያነብ ያጠናው ነገር ለሁለቱም እኩል ይሠራል፤ የትኛው ማንን እንደሚጠይቅ ግን አይነግረውም። ሲጽፍም ወይ ረዳት ግሱን ትቶ «ሁ አልማዝ ሄልፕድ?» ይላል፣ ወይም «ጥያቄ ዲድ ይፈልጋል» የሚለውን ደንብ በሁሉም ላይ አውሎ ባለቤቱን ለመጠየቅ ጭምር «ሁ ዲድ ሄልፕ አልማዝ?» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ስሕተቶች የስንፍና ውጤቶች አይደሉም። የተሰጠው ትምህርት ሳይመልስ የተወውን ጥያቄ ተማሪው በራሱ ለመመለስ ያደረጋቸው ሙከራዎች ናቸው።

የዝርዝሩ ጉድለት ፍቺ ላይም ይታያል። አማርኛ ስምን የሚጠይቀው በ«ማን» ነው፤ «ስምሽ ማን ነው?»፣ «ከተማዋ ማን ትባላለች?» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን በዚህ ቦታ «ዋት» ይጠቀማል። ተማሪው «ሁ ኢዝ ዩር ኔም?» ሲል የተሳሳተው የተማረውን ስለዘነጋ ሳይሆን በትክክል ስለተገበረው ነው። «እነማን» የሚለው የብዙ ቁጥር ቅርጽም በ«ሁ» ውስጥ አቻ የለውም። «ከማን ጋር መጣህ?» ሲባል መስተዋድዱ ከመጠይቁ ጋር ይሄዳል፤ በንግግር እንግሊዝኛ ግን መስተዋድዱ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀራል። «ዊች» እና «ሁዝ» ከእነዚህ ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው፤ «የትኛው» እና «የማን» በደንብ ይተኳቸዋል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ከቋንቋ ልምደት ጥናት የሚመጣ ነው። ማንፍሬድ ፒነማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት ጀርመንኛ የሚማሩ ጣሊያናውያን ልጆችን ተከታትሎ፣ የቃላት ቅደም ተከተል ደንቦች በደረጃ እንደሚለመዱና ትምህርት ደረጃን ማዘለል እንደማይችል ተከራከረ። ይህ እውነት ከሆነ ባለቤትንና ተሳቢን እያነጻጸሩ ማብራራት ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ተማሪው ደረጃው ሲደርስ ይለምደዋልና። ሆኖም ኒና ስፓዳና ፓትሲ ላይትባውን እ.ኤ.አ. በ1999 ከኩቤክ፣ ካናዳ ያቀረቡት ጥናት መልሱን ያወሳስበዋል። ተማሪዎቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የ6ኛ ክፍል ልጆች ነበሩ፤ የላቁ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎችን ለሁለት ሳምንት በብዛት እንዲሰሙና እንዲያነቡ ተደረገ፣ የደንብ ማብራሪያ ግን አልተሰጣቸውም። ለቀጣዩ ደረጃ ዝግጁ የተባሉት ከሌሎቹ የበለጠ አልተራመዱም። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ባለቤቱ ተውላጠ ስም ሲሆን ረዳት ግሱን ማስቀደም ትክክል ነው ሲሉ፣ ባለቤቱ ስም ሲሆን ግን አይሆንም አሉ፤ ይህም የገዛ ቋንቋቸው የፈረንሳይኛ ደንብ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ደረጃዎች ሐሰት ናቸው የሚል አይደለም። የምወስደው፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የፈጠረው ግምት ትክክለኛ ጥያቄዎችን በብዛት በመስማት ብቻ እንደማይፈርስ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «ሁ ዲድ አልማዝ ሄልፕ?» የሚለውን መቶ ጊዜ ቢሰማም «ዲድ» ለምን እንደገባ የሚነግረው ከሌለ፣ የግሱ ጊዜ ማመልከቻ ብቻ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል።

ማብራሪያው ታዲያ ከየት ይነሳ? ከ«-ን» ይነሳ ባይ ነኝ። ተማሪው ባለቤትና ተሳቢ የሚሉትን ቃላት ከአማርኛ ሰዋስው ያውቃቸዋል። መምህሩ መጀመሪያ ሁለቱን የአማርኛ ጥያቄዎች ያስቀምጥና ልዩነቱ የት እንዳለ ተማሪዎቹ እንዲያሳዩ ያድርግ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ «-ን» የሚሠራውን ሥራ ማን እንደሚሠራ ይፈልጉ። «ማን» በተባለበት «ሁ» ከግሱ ጋር ይገናኛል፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ «ማንን» በተባለበት ረዳት ግስና ባለቤት በመካከል ይገባሉ። ይኸው ደንብ ለ«ዋት»፣ ለ«ዊች» እና ለ«ሁዝ» ሳይለወጥ ይሠራል፤ አራት ቃላት የነበሩት አንድ ትምህርት ይሆናሉ። እዚህ ላይ አማርኛ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መግባቱን የሚቃወሙ መምህራን አሉ፤ ተማሪው ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ ያለችው ደቂቃ ልትነካ አይገባም ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፣ ለረጅም የአማርኛ ገለጻ። ለዚህ ንጽጽር የሚያስፈልጉት ግን ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፤ የተለመደው ዝርዝርም ቢሆን አማርኛን ይጠቀማል፣ የሚጠቀመው ግን በማይረዳበት ቦታ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ተማሪዎች መኖራቸውም መንገዱን አይዘጋም። ትግርኛ «መን» እና «ንመን» ብሎ ይለያል፤ አፋን ኦሮሞ «ኤኙቱ» ሲል በ«-ቱ» ባለቤቱን ያመለክታል። ምልክቱ የሚገኝበት ቦታ ይለያያል እንጂ ሁሉም ተማሪ ሊያነጻጽርበት የሚችል ነገር ከቤቱ ይዞ መጥቷል።

«ሁም» የሚለው ቃል «ማንን» ስለሚመስል አንዳንድ መምህር በእርሱ መጀመር ሊያምረው ይችላል። አያዋጣም። ኤድዋርድ ሳፒር እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉ ከንግግር እየጠፋ መሄዱን አስረድቷል፤ ዛሬም በዕለት ተዕለት ንግግር ተናጋሪው «ሁ» ይላል። በዚያ ላይ «ሁም» ቢገባም ረዳት ግሱ አይቀርም፤ ችግሩ ካለበት አልተነሳም ማለት ነው። ተማሪው በንባብ ሲያገኘው እንዲያውቀው ማድረግ ለዚህ ደረጃ ይበቃል።

ማብራሪያ ብቻውን እንደማያስኬድ ግን አልስትም። ማይክል ሎንግና ሻርሊን ሳቶ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት፣ የሁለተኛ ቋንቋ መምህራን በክፍል ውስጥ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ጥያቄ ከክፍል ውጭ ካለው ንግግር እጅግ አብዝተው ይጠይቃሉ። ጠያቂው ሁልጊዜ መምህሩ ከሆነ ተማሪው መጠይቁን እየሰማ ሳይሠራው ዓመቱ ያልቃል። ጥንድ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የታሪኩን ግማሽ ይዘው፣ ማን ማንን እንደረዳ፣ ማን ምን እንደወሰደ እየተጠያየቁ ታሪኩን ቢያሟሉ፣ ባለቤትና ተሳቢ የተምታታበት ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ስለሚያመጣ ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ጫጫታ መፍጠሩ አይቀርም፤ ሁለት ወረቀትና አሥር ደቂቃ ግን ከማንኛውም ትምህርት ቤት አቅም በላይ አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የፈተና ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሚፈተነው በምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ቃላቱን ቢያውቅ ይበቃዋል ይባላል። የምርጫ ጥያቄ ግን ይህን ልዩነት ለመመዘን የማይመች አይደለም። «አልማዝ ሄልፕድ ሳራ፤ ሳራ ሄልፕድ ሄለን» የሚል አጭር ምንባብ ይሰጥና ከሥሩ «ሁ ሄልፕድ ሳራ?» እና «ሁ ዲድ ሳራ ሄልፕ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይቅረቡ፤ አማራጮቹ ለሁለቱም ያው ሦስቱ ስሞች ይሁኑ። የ«ሁ»ን ፍቺ ብቻ የያዘ ተማሪ ለሁለቱም አንድ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለቱንም በትክክል የመለሰው ግን የእንግሊዝኛን ቅደም ተከተል ማንበብ የቻለው ነው። ባዶ ቦታ የሚያስሞላ ጥያቄ እነዚህን ሁለት ተማሪዎች አይለያቸውም፤ መምህሩም የትኛውን መልሶ ማስተማር እንዳለበት ከውጤታቸው ሊያውቅ አይችልም።